ወደ ኋላ የሚዞረው

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማዶ፣
የአዳማ ንፋስ ማልዶ
አቧራውን ሲነዳ በአስፋልቱ ላይ፣
ገና ሱቄን ሳልጠርግ፣ ሳልቀምስ ሻይ፣
ኢብሳ ዋቅቶላ መጣ፣ አንዱን በእጁ አስሮ፣
ሌላውን በአባቱ መሐረብ ቋጥሮ።

«የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ ብረታቸው አንድ፤
እስቲ አስተያዪልኝ፣ የቱን ልሽጥ፣ የቱን ልልመድ?»

ገጠምኩት አጉሊዬን ባንድ ዓይኔ፤
(ከአባቴ ውርስ እሱ ብቻ ነው የደረሰ ለኔ።)

አሮጌው ቀጭን ነው፣ ደረቱ የሳሳ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሙቀት የከሳ፤
ሆላንዳዊው አለቃ አገሩ ሊገባ
ለዋቅቶላ ያሰረለት፣ በስንብት ማታ፣ በቢራ እንባ።
ጥቁር ፊቱ ዛሬ ሞላሰስ መስሏል፤
ነጥቦቹ እንደ ከረመ ቅቤ ገርጥተው ብርሃናቸው ከስሟል፤
የፕላስቲክ መስታወቱ ጭረት በጭረት፤
ሰንሰለቱ ሆዱ ባዶ ነው፣ ይንኳኳል እንደ ጋሪ ብረት።

አዲሱ ወፍራም ነው፣ ትከሻ አብቅሏል፤
ጠርዙ ሴራሚክ ሆኖ ሚስማርን ንቋል፤
ሰንሰለቱ ጥርሱን የነከሰ፣ ድፍን፤
መብራት ሲጠፋ በሰማያዊ ያደምቃል ክፍሉን።
አሮጌው «ሁለት መቶ ሜትር» ይላል፣ የውኃ ልኩን ሲጽፍ፤
ይሄኛው ሦስት መቶ አድርሶታል፣ በደማቅ ጽሑፍ።
«የሶደሬ ገንዳ ስንት ሜትር ነው?» አልኩት። ሳቀ።
«አባቴማ ከጉልበቱ በላይ አንድ ቀን አልዘለቀ።»

አዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ አለ፤ አሮጌውን ፈልጓል፤
«እንዳታጸዱት፣ እንዳትወለውሉት» ብሎ አደራ ልኳል።
መኪና በሚገዛ ገንዘብ ጭረት ይሸምታል፤
የሌላ ሰው ላብ በግራም ይመዝናል።
«የወርቅ ሰዓትማ ሞልቷል» አለኝ ኢብሳ፣ «ብረቱ ነው ብርቁ፤»
እኔም በሆዴ፦ አንዳንዴስ ሰሙ ነው ለካ ወርቁ።

ከዚያ ጠርዞቻቸውን ላዞር ሞከርኩ፤
አዲሱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ወደ ግራ ብቻ፤ ልመልሰው ብዬ ታገልኩ፤
ጠላቂ ተሳስቶ ትንፋሹን እንዳያረዝም ነው አሉ፣ ታስቦ፣ ተሰልቶ፤
ያለፈው ደቂቃ በሩ ተዘግቶ።
የአሮጌው ጠርዝ ሲሠራ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ቅባት፣
በሁለቱም ይዞራል፤ ወደ ኋላም ይሄዳል የፈለጉት ሰዓት።

ዛሬ ግን ተጣብቋል። ስኳርና አቧራ አጋብቶታል።
ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከላይ መሆን ሲገባው፣ ቁልቁል ስድስት ላይ ወርዷል።
ኢብሳ በጥፍሩ ነካው፦ «አለቆቹ ፈረቃውን በፈረንጅ ሰዓት ይጠሩ ነበር፤
አባቴ ገለበጠው፤ ቀኑ ከንጋት እንዲቆጠር።»

የአዲሱን ጀርባ ከፈትኩ፤ ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል፣
የሰው እጅ የደረሰበት አይመስልም፣ እንደ ፋርማሲ ይሸታል።
የአሮጌውን ከፈትኩ፤
ክዳኑ ውስጥ፣ በመርፌ የተጫረ ነገር አየሁ። አጉሊዬን ጠረግኩ።
«ተ.አ.፣ ሰኔ ፷፱»።
«ሰ»ን አንድ እግሯን አሳጥሮ፣ እያስነከሰ የሚጽፍ
ከዚህ ከተማ አንድ ሰው ነበር፤ ማታ ማታ የቤት ሥራዬን የሚያርም፣ ከጎኔ ሳይጠፋ፣ ሳያልፍ።

ምንም አልተናገርኩም።
ንፋሱም ለጊዜው አልቆመም።

«ታዲያ የቱ ይበልጣል?»
አሮጌው በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል፤
አዲሱ ሁለት ሰከንድ ቢስት ነው፣ እሱም ከሳተ።
ይሄን ነገርኩት። ኢብሳ ዝም አለ፤ ፀሐይዋም ቀትርን ረገጠች፣ ጥላው ሞተ፤
የሁለቱም ዘንጎች ሽቅብ ገጠሙ፣ ቀጥ እንዳሉ፣
ለአንዱ አሥራ ሁለት፣ ለአንዱ ስድስት፤ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ዋሉ።

ስኳሩን ከጠርዙ አልፋቅሁትም።
ጭረቱን አልነካሁትም።
መርፌ አነሳሁ፤ ከፊርማው ሥር ስሜን ጫርኩ፣ ቀኑን ጨመርኩ።
«ዋጋውን ጣልሽው!» አለኝ ኢብሳ።
«አዎ» አልኩ።